የትኛዋን ኤሪየል ነው የምታገኙት? ሦስት ፓርኮች ጎን ለጎን

በ2023 ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ሁለት ኤሪየሎች (ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ የሆነችው የተረት ልጅ) ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንደኛዋ ማጂክ ኪንግደም በሚባለው ፓርክ፣ ዋሻዋ ውስጥ የዓሣ ጅራቷን ዘርግታ የምትቀመጠው የ1989ኙ ካርቱን ኤሪየል ናት። ሌላዋ ሆሊዉድ ስቱዲዮስ በሚባለው ፓርክ እንግዳ ትቀበል ነበር። እሷ ሃሊ ቤይሊ የተወነችበትን የዚያን ዓመት ፊልም ተከትላ የመጣች ናት፤ ፀጉሯም እንደ ተዋናይቷ ሎክስ (ድሬድሎክ) ነው። ተረቱ አንድ ነው፣ የዴንማርካዊው ደራሲ የአንደርሰን ተረት። ትኬቱ ግን አንድ አይደለም። እዚያ መሠረታዊው ትኬት በቀን አንድ ፓርክ ብቻ ነው የሚያስገባው።

እንግዲህ ትኬት ቆርጣችሁ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፋችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ልጅቷ ቀና ብላ አይታ «ይቺ እኮ አይደለችም!» ብትልስ?

ብዙ ወላጅ ፓርክ ሲመርጥ የሚያወዳድረው ዋጋውንና መጫወቻውን ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ለገጸ ባሕርያቱ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ነው። በልባቸው ያለው የመጽሐፉ ነው፣ የካርቱኑ ነው ወይስ ተዋናይ የተጫወተው? ሦስት ቦታዎች ለዚህ ሦስት የተለያየ መልስ አላቸው።

ዲዝኒ፦ ካርቱኑ ባለቤት፣ አዲሱ ፊልም እንግዳ

ዲዝኒ ፓርክ ውስጥ የቤቱ ባለቤት ካርቱኑ ነው። ስኖው ዋይት ሰማያዊና ቢጫ ልብሷን የምትለብሰው ከ1937ቱ ፊልም ወስዳ ነው። ኤማ ዋትሰን በ«ውቧና አውሬው» ፊልም ቤልን ሆና በ2017 ብትመጣም፣ ፓርኩ ውስጥ ያለችው ቤል ዛሬም የ1991ዱ ካርቱን ናት። በተዋንያን የሚሠራው አዲስ ፊልም ሲወጣ ገጸ ባሕርዩ ለወቅቱ ብቅ ይላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ብዙውን ጊዜም ይሰናበታል። የሃሊ ቤይሊዋ ኤሪየልም ስትመጣ ለተወሰነ ጊዜ ተብሎ ነው።

ለምን? የእኔ ግምት ይህ ነው። የካርቱን ፊት የማንም ሰው ፊት አይደለም። ዊጉንና ቀሚሱን ያደረገች ቁመቷና መልኳ የሚቀርብ ወጣት ሁሉ ሲንደሬላ ልትሆን ትችላለች። የተዋናይ ፊት ግን የተዋናዩ ነው። ልጆች ደግሞ ፊት አይረሱም።

መጽሐፉስ? እዚህ ብዙ ቦታ የለውም። ዊኒ ዘ ፑህ የ1926 መጽሐፍ ነው፤ ሥዕሎቹ የኧርነስት ሼፐርድ ናቸው። ፓርኩ ውስጥ የሚያቅፋችሁ ግን ባለ ቀይ ቲሸርቱ ቢጫ ድብ፣ የፊልሙ ድብ ነው። በረዷማዋን ንግሥት በ1844 የጻፈው አንደርሰን፣ ከዚያ ተረት የተነሣውን የፍሮዝንን ፊልም ኤልሳን ቢያገኛት የሚያውቃት አይመስለኝም።

ኤልሳን ካነሣን አይቀር፣ አንድ ፊልም ፓርክን ምን ያህል እንደሚቀይር ከእሷ የተሻለ ምሳሌ የለም። ፍሮዝን በ2013 መጨረሻ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት እሷንና እህቷን አናን ለማየት ሰው ለሰዓታት ይሰለፍ ነበር። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው ኤፕኮት ውስጥ በኖርዌይ ስም በተሠራው ክፍል ማልስትሮም የሚባል የጀልባ ጉዞ ነበር። በ2014 ተዘጋ፣ በ2016 የፍሮዝን ጉዞ ሆኖ ተከፈተ። አጠገቡም ለሁለቱ እህትማማቾች የእንግዳ መቀበያ ቤት ተሠራላቸው። ኖርዌይን ሊያዩ የመጡ ሰዎች የኤልሳን መንግሥት አረንዴልን አዩ። (አንዳንዶች እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም።)

የተገላቢጦሹም አለ። የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች በ1967 ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ የተከፈተ መጫወቻ ነበር፤ ፊልሙ ከእሱ ተነሥቶ በ2003 ተሠራ። በ2006 ደግሞ ጃክ ስፓሮው ከፊልሙ ተመልሶ መጫወቻው ውስጥ ገባ። ልጅ አባቱን ሲወልድ ማለት ይሄ ነው።

ለገዢ የሚጠቅመው ሌላ ነገር፦ ፊታቸው የሚታይ ገጸ ባሕርያት ያወራሉ። ልዕልቶቹ ስለ ቤተ መንግሥታቸው፣ ስለ ጓደኞቻቸው ሲጠየቁ ከፊልሙ ሳይወጡ ይመልሳሉ። ሙሉ ጭምብል የለበሱት፣ እንደ ፑህ ያሉት፣ በምልክት ብቻ ነው የሚግባቡት። ዓይን አፋር ልጅ ካላችሁ ዝም ያለው ድብ ይሻላል። ጥያቄ የማያልቅባት ከሆነች ልዕልቷ ጋ ውሰዷት። ሰልፍ የማትወዱ ከሆነ ገጸ ባሕርያቱ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚዞሩባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። የሚከፈለው ግን ከመግቢያው ለብቻ ነው፣ ኪስም ይነካል።

ዩኒቨርሳል፦ ዓለሙ አለ፣ ሃሪ የለም

እዚያው ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ያለው ዩኒቨርሳል በሌላ መንገድ ይሄዳል። የሃሪ ፖተር ክፍሉ በ2010 ሲከፈት የተሠራው እንደ ፊልሞቹ ነው። ግንቡ፣ ሱቆቹ፣ ባቡሩ፣ ሁሉም ከፊልሙ የወጣ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ለልጁ ንገሩት፦ ሃሪ፣ ሮንና ሄርማዮኒ ፎቶ ሊነሡ መንገድ ላይ አይቆሙም። ተዋንያኑ የሚታዩት መጫወቻው ውስጥ በፊልም ነው። በአካል የምታገኙት የባቡሩን ኮንዳክተር፣ የባለ ሦስት ፎቁን አውቶቡስ ሠራተኛ፣ የአስማት ዘንግ ሻጩንና የሚዘምሩ ተማሪዎችን ነው።

መጀመሪያ ስታስቡት ያናድዳል። እኔ ግን ብልህ ውሳኔ ነው እላለሁ። ሃሪን የተጫወተውን የዳንኤል ራድክሊፍን ፊት ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚመስለውን ሰው ማቆም ወዲያው ይነቃል። ኮንዳክተሩን ግን ማንም ቢጫወተው ያስኬዳል። ልጁም ሃሪን ከመገናኘት ይልቅ ራሱ ሃሪ ይሆናል፤ ካባውን ለብሶ፣ ዘንጉን ይዞ። (ካባውና ዘንጉ በነፃ እንዳይመስላችሁ።)

ሲከፈል ሰው የሚሳሳተው ባቡሩ ላይ ነው። ሆግዋርትስ ኤክስፕረስ የዩኒቨርሳልን ሁለት ፓርኮች ስለሚያገናኝ ለመሳፈር ሁለቱንም የሚያስገባ ትኬት ያስፈልጋል። በ2025 የተከፈተው የዩኒቨርሳል ፓርክ ኤፒክ ዩኒቨርስም የሃሪ ፖተር ክፍል አለው፤ ነገር ግን የ1920ዎቹን ፓሪስና የአስማት ሚኒስቴሩን ነው የያዘው። ባቡሩም እዚያ አይደርስም።

መጽሐፍና ፊልም ጎን ለጎን ቆመው ማየት ከፈለጋችሁ የአሜሪካዊው የልጆች ደራሲ የዶክተር ስውስ ታሪኮች የተሠሩበትን ሰፈር እዩ፤ አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር በሚባለው የዩኒቨርሳል ፓርክ ውስጥ ነው። ባለ ረጅም ኮፍያው ድመት ከመጽሐፉ ሥዕል እንደወጣ ነው፤ ጭምብል ያለው፣ የማይናገር። ገና ሲደርስ የሚመጣው ግሪንች ግን የ2000ውን የጂም ኬሪ ፊልም ይከተላል። በሜካፕ የተሠራ ፊት አለው፣ ይናገራል፣ ያሾፋል፣ ጎብኚውን ይነካካል። አዋቂዎች ሳይቀሩ ለእሱ ብለው ይሰለፋሉ። ሁለቱም የአንድ ደራሲ ልጆች ናቸው፤ አንዱ በወረቀት ቀረ፣ ሌላው በፊልም አፍ አወጣ። ከገና ወቅት ውጪ ከሄዳችሁ ግን ግሪንችን አትጠብቁ።

ትንንሽ ልጆች ላላቸው ዩኒቨርሳልን ከዲዝኒ አላስበልጥም። አንድ የምለየው ነገር ኤፒክ ዩኒቨርስ ያለው፣ «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራጎን» ከሚለው ፊልም የተወሰደው የድራጎኖቹ ደሴት ነው። ቱዝለስ የሚባለውን ጥቁር ድራጎን ቀርቦ ማየት ይቻላል፤ ፊልሙን ለሚወድ ልጅ ይህ ብቻውን ጉዞውን ይክሳል።

ኤፍቴሊንግ፦ ፊልም ያልነካው ጫካ

ሦስተኛው ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። ኤፍቴሊንግ የተረት ጫካውን የከፈተው በ1952፣ ዲዝኒላንድ ከመከፈቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። መልኩን ያወጣለት ሠዓሊው አንቶን ፒክ ነው። ስለዚህ እዚህ ያሉት ገጸ ባሕርያት ከፊልም አልመጡም። ብዙዎቹ ከእሱ እርሳስ ነው የመጡት።

ልዩነቱን ለማየት ስኖው ዋይትን ውሰዱ። ፍሎሪዳ ላይ እየሳቀች ታቅፋችኋለች። ኤፍቴሊንግ ግን በመስታወት ሣጥን ተኝታ ድንክዬዎቹ ከበዋት ያዝናሉ። እንቅልፋሟ ልዕልትም ቤተ መንግሥቷ ውስጥ ተኝታለች፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አብዛኞቹ በማሽን የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው። ፊርማና እቅፍ የለም ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ በእግራቸው የሚዞሩ ቢኖሩም ለእነሱ ብላችሁ ትኬት አትቁረጡ።

እኔ በግሌ ይህ ያሸንፈኛል። ተረቱን ከእናቱ አፍ ወይም ከመጽሐፍ የሰማ ልጅ በራሱ የሣለው መልክ አለው፤ ይህ ጫካ ያንን ብዙ አይጋፋበትም። ኤልሳ ኤልሳ ስትል የምታድር ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን እሷም ታዝናለች፣ እናንተም ትከስራላችሁ። ቋንቋውንም አስቡበት፤ የሚያወራው ዛፍ የሚያወራው በደች ነው። አፉን ከፍቶ ወረቀት የሚለምነው ወፍራሙ ቆሻሻ መጣያ ግን ትርጉም አያስፈልገውም። ልጆች ሊያጎርሱት ብለው መሬት ላይ ወረቀት ሲፈልጉ ይውላሉ።

ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ዲዝኒም ዩኒቨርሳልም በነፃ ይገባል። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀራት ልጅ ካለቻችሁ፣ ዲዝኒን አሁኑኑ ብትሄዱ ያዋጣችኋል። ዘጠኝ አሥር ዓመት ሆኖት መጻሕፍቱን የጨረሰ ልጅ ከሆነ ዩኒቨርሳል ውሰዱት። አዲስ በወጣ ፊልም ያበደች ልጅ ካለቻችሁ ደግሞ ፊልሙ ሲኒማ ቤት እያለ ሂዱ። ገጸ ባሕርይዋ የት ፓርክ፣ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ በፓርኩ መተግበሪያ ላይ አይታችሁ፣ የዚያን ፓርክ ትኬት ቁረጡ።