ለትከሻ ጅማት ጉዳት የፊዚዮቴራፒ ሕክምና፦ ስለ አንድ ክሊኒክ አገልግሎት

በአዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የግል ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ያገኘሁት አገልግሎት የከፈልኩበትን ዋጋ አያስቆጭም፤ ምክንያቱም ክሊኒኩ የትኛው ጅማት ምን ያህል እንደተጎዳ ሳይለይ ሕክምና አይጀምርም።

ከብስክሌት ወድቄ በትከሻዬ በማረፌ፣ ከደረት ወደ ትከሻ የሚዘረጋው አጥንት ከትከሻ አናት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ አብጦ ነበር። ባለሙያዋ ሁለቱንም ትከሻዎቼን አነጻጽረው፣ ያበጠውን ቦታ በጣታቸው ተጭነውና ክንዴን በደረቴ ላይ አሻግረው ከመረመሩ በኋላ፣ ራጅ እንድነሣ ወደ አጥንት ሐኪም ላኩኝ። ራጅ ጅማትን ባያሳይም አጥንቱ ከቦታው ምን ያህል እንደተነሣ ስለሚያሳይ፣ የጅማቶቹ ሁኔታ ከዚያ ይገመታል። ጉዳቱ በ6 ደረጃዎች ይመደባል፦ በ1ኛው መጋጠሚያውን የሚይዘው ጅማት ይለጠጣል፣ በ2ኛው ይበጠሳል፣ በ3ኛው ደግሞ አጥንቱን ወደ ታች የሚይዙት ጠንካራ ጅማቶችም አብረው ስለሚበጠሱ የአጥንቱ ጫፍ ጎልቶ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ያሉት ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይሻሉ፤ በ3ኛው ላይ ግን ሐኪሞችም አንድ አቋም የላቸውም። የእኔ 2ኛው ነበር።

በረዶና የክንድ ማንጠልጠያ ታዘዘልኝ። ትከሻ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ስለሚደርቅ፣ ሕመሙ ጋብ እንዳለ ማንጠልጠያውን አስወልቀው ቀላል እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎም በትከሻ ዙሪያ ያሉትን ጡንቻዎች የሚያጠነክር የላስቲክ ልምምድ አስጀመሩኝ፤ ከባድ ነገር ማንሣትን ግን ለሳምንታት ከለከሉ። እብጠቱ ሳይጎድል እንዲያሹኝ ብለምናቸውም አሻፈረኝ አሉ። ወጌሻ ዘንድ መታሸት የለመደ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል፤ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የማመሰግናቸው በዚህ ነው፤ አዲስ የተጎዳ ጅማትን በብርቱ ማሸት ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላልና።

ቅር የሚያሰኘው በቤት ውስጥ የሚሠራው ልምምድ መመሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ መታተሙ ነው። አብረውኝ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት የተሰጣቸውን ወረቀት የሚያነብላቸው ፍለጋ ለልጃቸው ሲደውሉ አይቻለሁ፤ ሕክምናው አብዛኛው በቤት በሚሠራ ልምምድ ላይ ለሚመሠረት ክሊኒክ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ቀጠሮም በሰዓቱ አይጠበቅም፤ ከሥራ አስፈቅዶ የሚሄድ ሰው የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ ቢይዝ ይሻለዋል።