ስንት ሴት እንዳለን አስቀድሞ ለጠየቀው ባለጀልባ

ቤተሰብ ይዛችሁ ባሕር ዳር ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ሆቴሉ ይቆያችሁና መጀመሪያ ባለጀልባ ፈልጉ። ሆቴል ሞልቷል፤ ሁነኛ ሰው የሚጠፋው ጣና ሐይቅ ላይ ነው። እኛ አንድ አግኝተናል፤ እግዜር ይስጠው፣ ዕድሜና ጤና ይስጠው! ስሙን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

ከእሱ በፊት ስላየነው ትንሽ ልበል፤ ማንንም አልጠራም። ሐይቁ ዳር ከባጃጅ ሳትወርዱ «ሁሉንም ደሴት በአንድ ሂሳብ» የሚላችሁ ሰው አለ። ቀብዱን ይቀበላል፣ ክብራን ገብርኤል ሲደርስ «እናቶች እዚህ ጀልባው ላይ ይቆዩ» ይላል። ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ሥርዓቱም የቆየና የተከበረ ነው። ነውሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ለተነሡ እናቶች ማታውኑ አለመናገር ነው። ለአሥራ አንድ ሰው ስድስት ላይፍ ጃኬት ያቀርብና «ዛሬ ሐይቁ ተኝቷል» ይላል። ስትመለሱ ደግሞ መጠበቂያው ለብቻ ይታሰባል። እንዲህ ያለው ሰው ያስመረረን ይበቃል።

የእኛ ሰው ዋጋ ሲጠየቅ ዋጋ አልተናገረም። «ስንት ሴት አላችሁ?» አለ። የመስመሩ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። እንጦስ ኢየሱስ፣ ደብረ ማርያም፣ በዘጌ ልሳነ ምድር ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴትም ወንድም ይሳለምባቸዋል። ናርጋ ሥላሴም እንዲሁ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፣ ሥዕሉ ልብ ይሰርቃል፣ ግን ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነ በተለመደው ጀልባ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ትንንሽ ልጆች ላላችሁ አይሆንም፤ እሱም እንቢ ብሎናል። ረጅሙን መስመር ሸጦ የበለጠ ማግኘት እየቻለ እንቢ ማለቱን ልብ በሉልኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ የልጆቹ ኪሎ ነበር። ዕድሜ አይደለም፣ ኪሎ። የልጅ ላይፍ ጃኬት የሚመረጠው በክብደት ነው። ካሰረላቸው በኋላ የጃኬቱን ሁለት ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይስባል፤ ጃኬቱ አገጭ አልፎ ጆሮ ከነካ ሰፊ ነው፣ ውኃ ውስጥ ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ለትንሿ በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን አምጥቶ አሰረላት። የትም ብትሄዱ ይህን ራሳችሁ ሞክሩት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛው፦ «ጉልበቱን የሚያመው ሰው አለ?» አያታችንን ነገርነው። ጠዋት ስንደርስ ጀልባው ውስጥ አንዲት በርጩማ አለች፣ ከቤቱ ያመጣት። ለምን እንደሆነ የገባን ዘጌ ስንደርስ ነው። የጣና ውኃ ክረምቱ እንደወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። ሲሞላ ከጀልባው ወደ ድንጋዩ መሻገር ቀላል ነው፤ ሲጎድል ግን ከጀልባው ጠርዝ እስከ መሬቱ ያለው ለአዛውንት ገደል ነው። በርጩማዋን ድንጋዩ ላይ አደላደለ፣ በእግሩ ረግጦ ሞከራት፣ «እማማ፣ አሁን እንደ ቤትዎ ደረጃ ይውረዱ» አላቸው። እጃቸውን አልጎተተም፤ ክንዱን ዘረጋላቸውና እስኪይዙት ጠበቀ። አያታችን እስከ ዛሬ የሚመርቁት ለዚህች ነው።

ልጆቹ ዳር ላይ ጫማ አውልቀው ሊንቦጫረቁ ሲሉም የከለከላቸው እሱ ነው። ሣር ያለበት የተኛ ውኃ ብልሃርዝያ ሊኖረው ይችላል፤ ትሉ የሚገባው በቆዳ ስለሆነ ውኃውን አለመጠጣት ብቻ አያድንም። ይህን የሚነግራችሁ ሰው እምብዛም አታገኙም።

ከመውረጃው አዝዋ ማርያም ቅርብ ናት። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን በቡናው ጫካ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ሽቅብ ያስኬዳል፤ ከአዛውንት ጋር እጥፉን ያዙ። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ ነጠላና ዝርዝር ብር አትርሱ። መግቢያው በሰው ይታሰባል፣ ከጀልባው ሂሳብ ውጪ ነው፣ ደረሰኝ ጠይቁ። ሥዕሎቹ ላይ ፍላሽ አታብሩ። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ስለሆነ ለመሳለም ካልሆነ ለጉብኝት ሌላ ቀን ምረጡ።

ሰዓቱን የወሰነው እሱ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት መነሣት፣ ከ6 ሰዓት በፊት ባሕር ዳር መመለስ። ከቀትር በኋላ መሬቱ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀት የለውም፣ ጥልቅ በሚባልበትም 15 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፣ ጀልባውን ይንጠዋል፣ ልጆችን ያስመልሳል። ቀጠሮ አርፍዶ ምሳ ከበላ በኋላ የሚወስዳችሁ ባለጀልባ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሞገድ የሚፈራ ካላችሁ ዘጌ በመኪናም ይደረሳል።

ስንመለስ ደብረ ማርያም አጠገብ ሞተሩ ቆመ። መረብ ተጠምጥሞበት ኖሯል። ሞተሩን ከውኃ አነሣው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደፈታና ምን እንዳሰረ አልገባኝም፣ ብቻ በእጁ ላይ መቸኮል አልነበረም። ልጆቹን በዙሪያው ያሉትን የደንገል ታንኳዎች እንዲቆጥሩ አዘዛቸው፤ ዘጠኝ ሳይደርሱ ሞተሩ ተነሣ። የተቆረጠውን መረብ አልጣለውም፣ ጠቅልሎ ለባለቤቱ አስቀመጠው። ትርፍ ቤንዚንም በጀሪካን ይዟል፤ ሳትሳፈሩ እሱንም ጠይቁ።

ሂሳቡን በሰው ሳይሆን በሙሉ ጀልባ ተነጋገሩ፤ መጠበቂያው፣ ቤንዚኑና የምትወርዱባቸው ቦታዎች በስም ይጠቀሱ። ግማሹን ስትነሡ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። እሱ እንዲያውም ቀብድ አልጠየቀንም።

ጢስ ዓባይን በዚያው ቀን አትጨምሩት። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ የእግር መንገድም አለው። ከክረምት ማግሥት፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ያምራል፤ በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ቀጭን ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሳትነሡ ደውላችሁ አጣሩ። ከአዲስ አበባ በመኪና ለምትመጡም መንገዱን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ማታ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ከተማው ወባ አለበት። ምሳ ላይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ ሲመጣ እሾህ ስላለው ለልጆች ኮተሌት እዘዙ።

ደግሜ እላለሁ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ሰው ያዙ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደውሉለት፣ ቀን ሐይቅ ላይ ስለሚውል አያነሣም። የልጆቹን ኪሎ አዘጋጁ፤ ይጠይቃችኋል።