«60×60» የሚል ባይናኩላር ከመግዛታችሁ በፊት ማስመሪያ ያዙ

በቴሌግራም ታይተው ስታዲየም ወይም ለገሃር ጋ እጅ በእጅ የሚሸጡ ባይናኩላሮች (ሩቁን የሚያቀርቡ ባለ ሁለት ዓይን መነጽሮች) ላይ «30×60»፣ «60×60»፣ አንዳንዴም «10-180×100» የሚል ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ። ወፍ ለማየት፣ ባሌ ወርዳችሁ ቀይ ቀበሮ ለመከታተል ወይም ለአስጎብኚነት ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ቁጥር አትመኑ። ማስመሪያና የስልክ መብራት ይዛችሁ ሂዱ፤ ብር ከመቆጠሩ በፊት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። «60» ማለት እንግዲህ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ባለ 6 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ጎን ለጎን ሆኖ ጃኬት ኪስ አይገባም፤ ያ ተጣጣፊው «30×60» ግን ይገባል። ስትለኩት ሌንሱ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ማቅረቡም ይለካል። ባይናኩላሩን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩ (ወደ ፀሐይ በፍጹም)፣ ከፊታችሁ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁና በዓይን የሚታይበትን ሌንስ ተመልከቱ። መሃሉ ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ትታያለች። ማስመሪያ አስጠግታችሁ ለኳትና የፊተኛውን ሌንስ ስፋት ለእሷ አካፍሉ። ለምሳሌ በዚያ ተጣጣፊ ላይ ክቧ 2.7 ሚሊ ሜትር ከሆነች፣ 22 ለ2.7 ሲካፈል 8 ገደማ ነው። በእውነት 30 እጥፍ ቢሆን ኖሮ ክቧ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆና ምስሉ ይጨልም ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩ ውሸት መሆኑ ራሱ ለገዢው ይሻላል! የትክክለኛ 8×42 ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ናት፤ ሲመሽም የሚያሳየው እሱ ነው። የክቧ ጠርዝ ግራጫ ሆኖ ወደ አራት ማዕዘን ካደላ ውስጡ ያለው ፕሪዝም (ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ርካሽ ነው።

ትልልቆቹ ላይ ተንኮሉ ሌላ ነው። ሌንሱ እውነትም ትልቅ ነው፣ ግን ውስጥ የገባ ቀለበት ብርሃኑን ያንቀዋል። የስልክ መብራት በዓይን በኩል አስጠግታችሁ አብሩ፤ ከፊተኛው ሌንስ ላይ ነጭ ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ክብ ከሌንሱ በጣም ካነሰ፣ ጠርዙ ላይ ያለው መስታወት ጌጥ ነው።

«3000ሜ/9500ሜ» የሚለውን ሻጮች «እስከ 9 ኪሎ ሜትር ያያል» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ቦታ የእይታው ወርድ የሚጻፍበት ነው። ደህና 8×42 በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ገደማ ወርድ ያሳያል። የነሱ ቁጥር ሲሰላ ከ300 ሜትር በላይ ይመጣል፤ በ60 እጥፍ ይህ ፈጽሞ አይሆንም። ደግሞም ከ10 እጥፍ በላይ የእጅ መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚጎላ ያለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ለመያዝ ያስቸግራል።

ቀይ የሚያብረቀርቀው ሌንስ «ለማታ» አይደለም። ቀዩን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ምስሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ብርሃንም ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሁለቱ ጎን አለመግጠም ነው፤ አንዴ የወደቀ ባይናኩላር ፕሪዝሙ ሊንሸራተት ይችላል። አግድም የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ከዓይን አርቁት። ሽቦው በግራና በቀኝ ከፍና ዝቅ ብሎ ከተሰበረ ተዉት፤ በ20 ደቂቃ ራስ ምታት ይሰጣችኋል። (ወደ ባንክ ወይም ወደ መንግሥት ሕንፃ አታነጣጥሩ፣ ከጥበቃ ጋር ያጨቃጭቃል።) ከዚህ በፊት ግን ማስተካከሉን ጨርሱ፦ ቀኝ ዓይን ጨፍናችሁ በመሃሉ ጎማ ግራውን አጥሩ፣ ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ ቀለበት ቀኙን። ብዥ ብሎ የተመለሰ ጤነኛ ዕቃም ብዙ ነው።

ያገለገለ ከሆነ በፊተኛው ሌንስ መብራት አስገቡና በዓይን በኩል እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ሻጋታ ነው፤ ቢጠረግም የሌንሱን ቅብ በልቶት ይቀራል።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትለያዩ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት እንከን ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ የሚቻለው የገዛችሁበትን ማሳየት ስትችሉ ነው። ባይናኩላር ቦሌ ላይ ከሻንጣ ተይዞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ስለሆነ የገባበትን የጉምሩክ ወረቀትም ጠይቁ። «ወረቀቱ ቤት ቀርቷል» ካለ ቀብድ አትስጡት።