ምርጫው ድንቅ፣ ድምፁ ይታረም፦ ድሬዳዋ ላይ በነፃ የሚታዩ የቆዩ ፊልሞች

ድሬ ውስጥ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የቆዩና ያለ ትልቅ ኩባንያ ድጋፍ የተሠሩ ፊልሞችን ከቤተ መዛግብቱ እያወጣ ለሕዝብ ያሳያል። መግቢያው ነፃ ነው፤ በር ላይ ግን መታወቂያ ይጠየቃል።

በፊልም ምርጫው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) በትልቅ ሸራ የሚያሳይ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ሐረር ላይ ስለ ጫት የተቀረጸውን የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (እ.ኤ.አ. 2021) ደግሞ ጫቱንም አገሩንም ከሚያውቅ ሕዝብ ጋር ማየት ትልቅ ዕድል ነው፤ ኦሮምኛውን ወይም ሐረሪኛውን የሚሰማው ሰው የግርጌ ጽሑፉ እስኪወጣ አይጠብቅም፣ አጠገቡ ያለውም ስሜቱን ከእሱ የፊት ገጽታ ያነባል።

እንዲህ ያለ ምርጫ የተሻለ አቀራረብ ይገባዋል። ከጉድለቶቹ አብዛኞቹ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላሉ።

ከምስሉ እንጀምር። በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ ፊልም ስፋቱ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ብቻ ነው፤ የፕሮጀክተሩ ምስል ግን 16 በ9 ነው፤ ማለትም ስፋቱ ከቁመቱ 1.78 እጥፍ ያህል ነው። ሸራው ይሙላ ተብሎ ምስሉ ሲለጠጥ ሁሉም ነገር 30 በመቶ ያህል ወደ ጎን ይሰፋል፤ የገበሬው ፊት ይደፈጠጣል፣ በሬው ይረዝማል። ግራና ቀኝ የሚቀረው ጥቁር ክፍል ጉድለት አይደለም፤ ይተውት። የፕሮጀክተሩን «አስፔክት» ወደ «ኖርማል»፣ የምስል ምርጫውን ከ«ዳይናሚክ» ወደ «ሲኔማ» መመለስ ይበቃል። ሌላም አለ፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» 150 ደቂቃ ነው። ፋይሉ 144 ደቂቃ የሚል ከሆነ በሰከንድ 24 የነበረው ምስል በ25 እየሮጠ ነው ማለት ነው፤ የሰው ድምፅም ይቀጥናል። ሌላ ቅጂ መፈለግ ያሻል።

ትልቁ ችግር ድምፁ ነው። የቅርብ ጊዜ ፊልሞች ድምፅ በስድስት ቻናል ተከፍሎ ይመጣል፤ ንግግሩ በአብዛኛው መካከለኛው ቻናል ላይ ነው። ከላፕቶፑ ወደ ሚክሰሩ (ወደ ድምፅ ማቀላቀያው) የሚሄዱት ግን ግራና ቀኙ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሙዚቃው ያስተጋባል፣ ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ የሚለው አይሰማም። ድምፅ ጨምሩ ሲባል ደግሞ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። መፍትሔው ማጫወቻው ስድስቱን ወደ ስቴሪዮ፣ ማለትም ወደ ግራና ቀኝ ብቻ፣ እንዲቀላቅል ማዘዝና ተመልካች ሳይገባ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ከኋላ ወንበር ሆኖ ማዳመጥ ነው። የአዳራሹ ግድግዳ ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነ ያጉረመርማል፤ ሚክሰሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቀነስ ንግግሩን ያጠራዋል።

የአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ አንዳንዴ ተራ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ካልተቀመጠ፣ ወይም ማጫወቻው ላይ እንደ ናያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ካልተመረጠ የሚሆነው ይኸው ነው። መጠኑም ከፍ ይበል፤ ከሩቅ «ሰ» እና «ስ» አይለዩም።

ሙቀቱን በተመለከተ አስተናጋጆቹን መውቀስ ይከብዳል። ለጨለማው ሲባል መስኮት ሲዘጋ አዳራሹ ይታፈናል፣ ቬንትሌተር ሲበራ ጸጥ ያለው ትዕይንት ይዋጣል። መፍትሔው ሰዓቱን መግፋት ይመስለናል። በሰኔና በሐምሌ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነውና 11 ሰዓት ላይ የሚጀመር ፊልም ግማሹ በመጋረጃ ክፍተት በሚገባ ብርሃን ይገረጣል። 1 ሰዓት ላይ ቢጀመር መስኮቱም ተከፍቶ ማየት ይቻላል።

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሣ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ አብሮ ይቆማል፤ አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ መቅረቱ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ፕሮጀክተሩንና ላፕቶፑን ብቻ የሚይዝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ለእነዚያ ደቂቃዎች ይበቃል። መገዛት ያለበት ዕቃ ቢኖር ይህ ነው።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ከ3 ሜትሩ ሸራ 5 ወይም 6 ሜትር ርቆ መሐል ላይ ይቀመጥ፤ ከድምፅ ማጉያውም ከቬንትሌተሩም ይርቃል። ከፊልሙ በኋላ ያለው ውይይት ጥሩ ነው፣ ግን ይረዝማል፤ ባጃጅ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።