ሳንታና ወይስ ሄርናንዴዝ?

ሁለቱም ከቬንዙዌላ የመጡ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው። ኩፐርስታውን ካለው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ (የምንጊዜም ታላላቆች የሚከበሩበት) መግባት የሚገባው የትኛው ነው?

ፊሊክስ ሄርናንዴዝ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ውድድር፣ በሜጀር ሊግ፣ ለሲያትል ማሪነርስ ብቻ ነው የተጫወተው። 169 ጨዋታ አሸንፏል፤ 2,524 ስትራይክአውትም (መቺውን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) አለው። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አንድም ተጋጣሚ ቤዝ (መቺዎች ሮጠው የሚደርሱበት ማዕዘን) ሳይረግጥበት ሙሉ ጨዋታ ጨርሷል። ታማኝነቱን በጣም ነው የምወድለት።

ዮሃን ሳንታና ያሸነፈው 139 ብቻ ነው። ግን ከፍታውን እዩት! በየሊጉ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት በ2004 እና በ2006 ወሰደ። ሄርናንዴዝ ያለው አንድ ነው፣ የ2010ሩ። ሳንታና ከ2004 እስከ 2006 ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ በስትራይክአውት የሚቀድመው አልነበረም። ከዚያ ትከሻው ከዳው። ከቀዶ ጥገና ተመልሶ ግን በ2012 ለኒው ዮርክ ሜትስ በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያውን ኖ ሂተር (ተጋጣሚ አንድም የተሳካ ምት ያላገኘበት ጨዋታ) ወረወረ። በ134 ውርወራ!

በ2018ቱ የዝና አዳራሽ ምርጫ ግን ሳንታና 5 በመቶ ድምፅ እንኳ ስላላገኘ ገና በመጀመሪያው ዓመት ከዕጩዎች ዝርዝር ወጣ። ይሄ ያንገበግበኛል። የቀድሞው የዶጀርስ ክለብ ወርዋሪ ሳንዲ ኩፋክስም በጉዳት ምክንያት በ30 ዓመቱ ነው ያቆመው፤ በ165 ድል በ1972 አዳራሹ ገብቷል። የኩፋክስ አጭር ዘመን ከተቆጠረ የሳንታናም ይቆጠር። የእኔ ድምፅ ለሳንታና ነው።