ዱቄት ወይስ ሲኦቱ? የእሳት ማጥፊያ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ አዲስ የእሳት ማጥፊያ አቅፋ መጣች። «ሻጩ ለሁሉም ዓይነት እሳት ይሆናል ብሎኛል፤ እስቲ እየው» አለችኝ። ጽሑፉን አየሁት። 2 ኪሎ ሲኦቱ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። የእሷ ቤት ደግሞ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍና በየቀኑ ዘይት የሚግልበት መጥበሻ ነው። ሲኦቱ ለእነዚህ ለአንዱም አስተማማኝ አይደለም። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ገንዘብም በደንብ ወጥቶበታል። ግን ለሌላ ሰው ቤት የተገዛ ዕቃ ነው።

ይህን ስህተት ብዙዎቻችን እንሠራለን። ሁሉም ሲሊንደር ቀይ ስለሆነ ሁሉም አንድ ይመስለናል። እናም ወይ ርካሹን እናነሳለን፣ ወይ ትልቁን።

የእጅ ማጥፊያ የሚገዛው የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ ላሉት ደቂቃዎች ነው። እሱም ቢሆን ደቂቃ እንኳ አይሞላም። 1 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ 10 ሰከንድ ገደማ ሠርቶ ያልቃል። 6 ኪሎው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ቢቆይ ነው። በዚያች አፍታ የያዛችሁት ነገር ከሚቃጠለው ነገር ጋር ካልገጠመ፣ ሌላ ዕድል የላችሁም።

ፊደሎቹ ምን ይላሉ?

ሲሊንደሩ ላይ ለምን ዓይነት እሳት እንደሚሆን የሚናገር ፊደልና ሥዕል አለ። ኤ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ወረቀትና ስፖንጅ ነው። ቢ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ቲነርና የመሳሰለው ፈሳሽ ነው። ሲ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓና በቻይና ዕቃዎች ላይ ሲ ማለት የሚቃጠል ጋዝ ነው። አሜሪካ ሠራሽ ከሆነ ግን ሲ የኤሌክትሪክ እሳት ነው። ስለዚህ ከፊደሉ ይልቅ ሥዕሉን እዩ። የማብሰያ ዘይት ደግሞ የራሱ ፊደል አለው፤ ኤፍ፣ በአሜሪካኖቹ ኬ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ሲላችሁ «ኤፍ የሚል የቱ ጋ ነው?» በሉት። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

ዱቄት

ኤቢሲ የሚባለው ደረቅ ዱቄት በከተማው በብዛት የሚሸጠው ነው። ከእኩያው ሲኦቱ ይረክሳል። ሶፋም፣ ቤንዚንም፣ ጋዝም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃም ላይ ይሠራል። አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ቤት የእኔ ምርጫ ይኼው ነው፤ ብዙም አላመነታም።

ጉድ ያለው ከተረጨ በኋላ ነው። እኛ ቤት አንዴ ምጣዱ የተሰካበት ሶኬት ተቀጣጥሎ ዱቄት ረጭተናል። እሳቱ ወዲያው ጠፋ። ቀጥሎ ግን እርስ በርስ መተያየት አልቻልንም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዱቄቱ እንደ ጉም ነው። ሲረግብ ደግሞ ወጥ ቤቱ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ሽሮውም ዱቄት፣ ማጥፊያውም ዱቄት፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ስንታገል ነው የዋልነው። ክዳኑ የተከፈተ ነገር ሁሉ ተጣለ።

ከልፋቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ይህ ዱቄት እርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላል። ኮምፒውተር ወይም ካሜራ ውስጥ ከገባ ዕቃው ከእሳት ቢተርፍ እንኳ ከዱቄቱ ላይተርፍ ይችላል። ሁለተኛው ችግር ዱቄት አያቀዘቅዝም። ነበልባሉን ቆርጦ ይጥለዋል እንጂ ውስጥ ለውስጥ የተያያዘን ፍራሽ ወይም የሳልባጅ ቦንዳ አያበርድም። ጠፋ ብላችሁ ስትዞሩ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ ከዱቄት በኋላ ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን አረጋግጣችሁ ውኃ አፍስሱበት፤ ፍራሹንም ወደ ውጭ አውጡት።

ሲኦቱ

ሲኦቱ ንጹህ ነው። ይረጫል፣ ይተናል፣ ምንም ምልክት አይተውም። ሞባይል ጥገና፣ ኢንተርኔት ካፌ፣ ማተሚያ ቤት፣ የሰርቨር ክፍል ወይም የኤሌክትሪክ ቦርድ ያለበት ቦታ ከሆናችሁ ይኼ የእናንተ ነው። በዋጋው አታጉረምርሙ፤ አንድ ላፕቶፕ ቢያተርፍ ዋጋውን መልሷል።

ቤት ውስጥ ግን ደካማ ነው። ሥራው አየሩን ከእሳቱ መንጠቅ ነው፤ ጋዙ ሲበተን አየሩ ይመለሳል፣ ፍሙም ይመለሳል። በጨርቅና በእንጨት ላይ ያቃተውም ለዚህ ነው። ሲወጣ ደግሞ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጋዙ የሚወጣበትን ጥቁር ቀንድ በባዶ እጅ የያዘ ሰው ቆዳው ይቆስላል፤ መያዣው ላይ ብቻ ያዙ። ጠባብ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ከሆነ ረጭታችሁ በፍጥነት ውጡና በሩን ዝጉ። እሳቱን የሚያፍነው ጋዝ እናንተንም ያፍናል።

ክብደቱም አለ። ሲኦቱ የሚቀመጥበት ብረት ወፍራም ነው። 5 ኪሎ የተባለው ከነብረቱ 14 እና 15 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። የ6 ኪሎ ዱቄት ደግሞ ከነሲሊንደሩ 9 ኪሎ አካባቢ ነው። በቤታችሁ ውስጥ አቅሙ ደከም ያለው አዋቂ ማን ነው? እናታችሁ ከሆኑ እሳቸው አንስተው ሦስት እርምጃ መሄድ የሚችሉትን ግዙ። ለእሳቸው ከ6 ኪሎው ይልቅ ባለ 4 ኪሎው ወይም ሁለት ባለ 2 ኪሎዎች ይሻላሉ።

የመጥበሻ ዘይት

የብዙ ሰው ቤት እሳት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ሁለቱም ሲሊንደሮች ደግሞ እዚህ ላይ ጎበዝ አይደሉም። ሲኦቱም ዱቄቱም በግፊት ነው የሚወጡት፤ በቅርብ ከተረጩ የሚነደውን ዘይት ግድግዳ ላይ ሊበትኑት ይችላሉ። ውኃማ አይታሰብም። 1 ሊትር ውኃ በአንዴ ሲተን 1,700 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል፤ የተቃጠለውን ዘይት ይዞ ኮርኒስ ይደርሳል።

የሚያዋጣው ክዳን ነው። ለመጥበሻው ልክ የሆነ የብረት ክዳን ከምድጃው አጠገብ ይኑር። ከጎን አንሸራትታችሁ ክደኑ፣ ምድጃውን አጥፉ፣ ከዚያ አትክፈቱት። ሰው ለማየት ሲጓጓ ቶሎ ይከፍተዋል፤ አየር ሲያገኝ ድጋሚ ቦግ ይላል። የእሳት ብርድ ልብስ የሚባለውም አለ፤ ከመስታወት ክር የተሠራ፣ ግድግዳ ላይ በትንሽ ቦርሳ የሚሰቀል። ለትንሽ መጥበሻ እና ልብሱ ለተያያዘበት ሰው ይጠቅማል። ሆቴልና ምግብ ቤት ግን በብርድ ልብስ አይታለፍም። ቺፕስና ሳምቡሳ የሚጠበስበት ቤት ቢጫ ምልክት ያለውን የማብሰያ ዘይት ማጥፊያ ፈልጎ ይግዛ። ይህ ፈሳሽ ዘይቱ ላይ ሳሙና የመሰለ ሽፋን ይሠራል፤ ያቀዘቅዘዋልም። በየሱቁ አታገኙትም፤ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል።

የጋዝ ሲሊንደር እሳት ሌላ ነገር ነው። መዝጊያው ጋ መድረስ ከቻላችሁ ዝጉት፤ እሳቱ በራሱ ይጠፋል። መድረስ ካልቻላችሁ ነበልባሉን አታጥፉት። ያልተቃጠለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ቀጥሎ የሚነሳው ፍንዳታ ነው። ሰው አስወጡ፣ ራቁ፣ ደውሉ።

ለሱቅ ባለቤቶች

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችንም እናስታውሳለን። መንገዱ ጠባብና የተጨናነቀ መሆኑ የአደጋ ሠራተኞቹን ሥራ አክብዶት ነበር። ሱቅ ከሱቅ በተያያዘበት ቦታ የጎረቤትህ እሳት ያንተው ነው። ጨርቅ፣ ጫማ ወይም ፕላስቲክ የምትሸጡ ከሆነ 6 ኪሎ ዱቄት በር አጠገብ፣ ከእሱ ጋር 9 ሊትር የአረፋ ማጥፊያ እንዲኖራችሁ እመክራለሁ። አረፋው ዱቄቱ የማይችለውን ያደርጋል፤ ጨርቁን ያርሳል፣ ያበርዳል። ብሬከሩ ሳይወርድ ግን አረፋ አትርጩ፤ ውኃ አለበት።

ከሱቁ ጀርባ ጥግ የተሰቀለ ማጥፊያ እንደሌለ ይቆጠራል። ማጥፊያውን ለማምጣት ስትገቡ እሳቱ መውጫችሁን እንዳይዘጋባችሁ፤ ሁልጊዜ መውጫው ከጀርባችሁ ይሁን።

ኳስ፣ ጭስና መኪና

እሳት ውስጥ የሚወረወረው ኳስ አሁን በብዛት ይታያል። ነበልባል ሲነካው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፈንድቶ ዱቄት ይረጫል። ሰው በሌለበት የጄኔሬተር ክፍል ወይም ከኤሌክትሪክ ቦርድ በላይ ቢሰቀል ይገባኛል። በሲሊንደር ፋንታ ቤት ማስገባቱን ግን አልወደውም። አንድ ቦታ ያርፋል፣ አንዴ ይፈነዳል፤ ማነጣጠር የሚባል ነገር የለም።

ከሲሊንደር ቀጥሎ ገንዘብ ካላችሁ የጭስ ማስጠንቀቂያ ግዙ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ክብ ዕቃ ነው። ተኝታችሁ ሳለ ማጥፊያ አይቀሰቅስም፣ እሱ ይቀሰቅሳል። አንድ የእኛ አገር ችግር አለው፦ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል። ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ ባትሪውን ነቅሎ ይረሳዋል። ቡና ከሚፈላበት ክፍል አርቃችሁ መኝታ ቤት በር ላይ ስቀሉት። ለወጥ ቤት ሙቀት ሲጨምር ብቻ የሚጮኸው ዓይነት ይሻላል። የከሰል ጋዝ ግን በሁለቱም አይያዝም፤ ሽታም የለውም፤ ለእሱ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ለብቻው ይሸጣል።

ለመኪና 1 ኪሎ ዱቄት ለዓመታዊ ምርመራ ያህል ይያዛል። ከሞተር ለሚነሳ እሳት 2 ኪሎ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ደግሞም ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሻንጣ ሥር ሳይሆን ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። የሊቲየም ባትሪ አንዴ ከተያያዘ ዱቄትም ሲኦቱም አያቆመውም፤ ብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ያ የቦቴ ሥራ ነው። እናንተ ውረዱና ራቁ።

ሱቁ ውስጥ

መጀመሪያ የዱቄቱን ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያውን፣ እዩ፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆን አለበት። ሲኦቱ ጌጅ የለውም፤ ጌጅ የተገጠመለት «ሲኦቱ» ካሳዩአችሁ ተጠራጠሩ። እሱ የሚመዘነው በሚዛን ነው። ባዶ ክብደቱ ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ ቀንሱና ስንት እንደቀረ እወቁ። ከአሥር አንድ እጅ በላይ ከጎደለ መሞላት አለበት።

የተመረተበት ዓመት ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ቀለሙ አዲስ፣ ቁጥሩ ግን በቀለም የተደፈነ ከሆነ አሮጌ ሲሊንደር ተቀብቶ ነው። ፒኑ ያልተቆረጠ ማሸጊያ ይኑረው። ቱቦውን አጠፍ አድርጉት፤ ከተሰነጠቀ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሻጩ «ልሞክርላችሁ» ብሎ ትንሽ ከረጨበት ያንን ሲሊንደር አትውሰዱ። አንዴ የተነካ ዱቄት መዝጊያው ላይ ቅንጣት ይተዋል፤ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ከወር በኋላ ጌጁ ቀይ ነው። ቤታችሁም ጥቂት ተጠቅማችሁበት ከሆነ፣ ግማሹ ቢቀርም ይሞላ። «የት ነው የምሞላው? ስንት ዓመት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሱቅ ዋጋው ቢረክስም እኔ አልገዛበትም።

ደግሞ 939

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ነፃ ነው። ማጥፊያ ከማንሳታችሁ በፊት ሌላ ሰው ይደውል፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ እሳቱም ከቅርጫት ከበለጠ መጀመሪያ ውጡና ደውሉ። ቤታችን የመንገድ ስምና ቁጥር ስለሌለው አድራሻው ይዘጋጅ። «ከእገሌ ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ብሎክ 14» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፍ፤ በድንጋጤ የራስን ሰፈር መርሳት አለ። ፈጣን ልጅ ወደ ዋናው መንገድ ላኩ፣ መኪናውን ይዞ ይምጣ።

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። መግቢያው ላይ ሰንሰለት አለ፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፣ ዘበኛው ምሳ ሄዷል። ውስጥ ደግሞ መኪና በሁለት በኩል ቆሟል። የእሳት አደጋ መኪና በዚያ ያልፋል ወይ? አንድ ቀን የቆሻሻ መኪናው ሲገባ ቆማችሁ እዩ፤ እሱ ከተቸገረ መልሱን አግኝታችኋል።

ጎረቤቴ ሲኦቱውን ለሞባይል ጠጋኝ ወንድሟ ሰጠችው። ለራሷ ባለ 4 ኪሎ ዱቄት ገዛን፣ መስቀያውንም እኔው ነኝ በወጥ ቤቱ በር ላይ የመታሁት። ባለፈው ሳምንት ቡና ጠጡ ተብለን ስንሄድ መስቀያው ባዶውን ተንጠልጥሏል። ሲሊንደሩ የት ነው አልኳት። በረንዳው በር ነፋስ እንዳይዘጋው አስደግፋበታለች።