ጸጥ ያለ ኮምፒውተር ለምትፈልጉ፦ የመገናኛውን ባለሙያ አመስግነን እንጠቁማችሁ

ምስጋና ለሚገባው ይድረሰውና፣ መገናኛ አካባቢ የሚሠራ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ የድምፅ መቅጃ ክፍላችንን ኮምፒውተር ከጩኸት ገላግሎልናል። ስሙን በአደባባይ ማውጣት ስላልወደደ እዚህ አንጽፈውም። ሥራውን ግን በዝርዝር እንናገራለን፤ ኩለር (የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ) ልትገዙ ላሰባችሁም ይጠቅማችኋል።

ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) ኢንቴል ኮር አይ7-12700 ነው። ካርቶኑ ላይ 65 ዋት ይላል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን እስከ 180 ዋት ይስባል። ብዙ ሰው 65ቱን ብቻ አይቶ ኩለር ገዝቶ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። አብሮ የሚመጣው አጭር ኩለር ፋኑ ትንሽ ስለሆነ ያን ሁሉ ሙቀት ለማስወጣት በኃይል መሽከርከር አለበት፤ ጩኸቱም ከዚያ ይመጣል። ረጅም ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያሰራጭ የብረት ክንፎች ክምር) ላይ የተገጠመ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ግን በደቂቃ 800 ዙር ብቻ እየዞረ በቂ አየር ይገፋል፣ ጆሮም አያስቸግርም።

ወንድማችን ዕቃ ለመሸጥ አልቸኮለም። መጀመሪያ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ጎን ከፍቶ የእያንዳንዱን ፋን እምብርት በጣቱ ለአፍታ እየያዘ ጩኸቱ ከየትኛው እንደሚመጣ ለየ። ክንፉን ሳይሆን እምብርቱን ነው መያዝ፤ ክንፉ ይሰበራል፣ ጣትም ይቆርጣል። የሚጮኸው ግራፊክስ ካርዱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ሆኖ ሳለ ኩለር ቀይሮ ገንዘቡን የሚያባክን ሰው ጥቂት አይደለም። ቀጥሎ ባዮስ (ማዘርቦርዱ የሚስተካከልበት ገጽ) ውስጥ ገባ። ብዙ ማዘርቦርዶች (ክፍሎቹ ሁሉ የሚገጠሙባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ከፋብሪካ ሲወጡ የኃይል ገደባቸው ክፍት ነው፤ ፕሮሰሰሩ 180 ዋቱን ሳይቀንስ ሲስብ ይውላል። የረጅም ጊዜ ገደቡን 125 ዋት ላይ አደረገው። ድምፅ ለሚቀዳና ለሚያርም ሰው ይህ የሚያጎድለው ነገር እምብዛም አይታይም፤ ፋኑ ግን ያርፋል።

ከዚያ ማስመሪያ አወጣ። ኬዛችን የሚቀበለው የኩለር ቁመት 160 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚያወድሰው ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ገና ከመጀመሪያው ወደቀ፤ ቁመቱ 165 ስለሆነ የኬዙ ክዳን አይዘጋም። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዩ12ኤ 158 ስለሆነ ይገባል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። እሱ የመረጠልን ቴርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢን ነው፦ ቁመቱ 155፣ ሁለት ማማ (ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሂትሲንኮች)፣ 6 የሙቀት ቱቦ፣ ሁለት ባለ 120 ፋን፤ ዋጋውም ከታዋቂዎቹ በብዙ ያነሰ። 5 ሚሊ ሜትር ተረፈ ብላችሁ ግን እንዳትዘናጉ። የፊተኛው ፋን ራሙ (ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ማስታወሻ) ላይ ያንዣብባል፤ ራማችሁ ባለ ረጅም ጌጥ ከሆነ ፋኑ ወደ ላይ ይገፋና 155 የነበረው 155 መሆኑ ይቀራል። የኛ ራም አጭር ስለሆነ ተረፍን።

በውሃ የሚሠራውን ኩለር ስንጠይቀው «ለናንተ አያስፈልግም» አለን። ፓምፑ ያለማቋረጥ እምምም ይላል፤ ማይክ ባለበት ጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ያ ድምፅ ይሰማል። ከሚሸጥ ሰው አፍ «አያስፈልግም» የሚል ቃል ከሰማችሁ ስልኩን ያዙ። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዴሲቤልም እንዳናምን ነግሮናል፤ ፋብሪካው ሁሉ በየራሱ መንገድ ስለሚለካ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

የገጠማው ጥራት ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛ እና 14ኛ ትውልድ የሚቀመጥበት ኤልጂኤ 1700 (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰር መቀመጫ) የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት 78 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልክ ከሱ በፊት የነበረው ኤልጂኤ 1200 ግን 75 ነው። ቆየት ያለ ወይም ያገለገለ ኩለር ስትገዙ የ1700 ማሰሪያ ከሌለው አይገጥምም፣ በግድ ቢገጥምም በደንብ አይጫንም። የድሮውን ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) በአልኮል ጠርጎ ጨረሰና የኩለሩ መዳብ ላይ የተለጠፈችውን ስስ ፕላስቲክ ልጦ አሳየን። ይቺን ፕላስቲክ ሳያነሱ ገጥመው «ኩለሩ አይሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፔስቱን አተር በሚያህል ጠብታ መሃል ላይ አድርጎ፣ በረጅም ካቻቢቴ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች እያፈራረቀ ጥቂት ጥቂት አጠበቃቸው። አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር ኩለሩን ያዘምመዋል። ሁለቱም ፋኖች ወደ ኬዙ ኋላ እንዲነፉ አዞራቸው፤ የፋኑ ድጋፍ ዘንጎች የሚታዩበት ወገን አየር የሚወጣበት ነው።

በኤኤም4 መቀመጫ ላይ የሚገጠም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ፔስቱ ደርቆ ከሆነ ኩለሩን ሽቅብ ስትስቡት ፕሮሰሰሩ አብሮ ተነቅሎ ይወጣል፣ እግሮቹም ይጎብጣሉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፤ ከዚያ አጥፍታችሁና ከሶኬት ነቅላችሁ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት።

የፋኑን ፍጥነት ሲያስተካክል ጆሮውን የሚጠቀም ባለሙያ መሆኑን አየን። እስከ 60 ዲግሪ 35 በመቶ፣ 75 ዲግሪ ላይ 60 በመቶ፣ ሙሉ ፍጥነት ከ85 በኋላ ብቻ። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ፋኑ ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲታገሥ ማድረጉ ነው። ፕሮሰሰር አንድ ፕሮግራም ሲከፈት እንኳ ለቅጽበት ይሞቃል፤ ፋኑ ያንን ሁሉ ከተከተለ ከፍ ዝቅ ሲል ይውላል። አንድ ወጥ ድምፅ ከቅጂ ላይ በሶፍትዌር ይጸዳል፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ግን ንግግሩን ሳይነካ አይወጣም።

ሌላም ነገር አስተውሏል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ፋን ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ክብደቱ በባሕር ጠለል ደረጃ ካሉ የዓለም ከተሞች በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ በውጭ አገር የተለካውን ቁጥር አይታችሁ በልኩ አትግዙ፣ ትርፍ ያለው ውሰዱ። የክፍላችን ቅዝቃዜ የተወሰነውን ይክሳል፤ ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ለሚሠራ ግን ያ ቅዝቃዜ የለም።

ኮምፒውተሩን ስትወስዱ ማዘርቦርዱ ከታች፣ ኩለሩ ከላይ እንዲሆን በጎኑ አስተኙት፤ ቆሞ ከተጓዘ በየጉድጓዱ የኩለሩ ክብደት ማዘርቦርዱን ይጎትታል። አቧራ በብሎወር ስታስወጡ ፋኑን በጣት ያዙት፣ አለዚያ ከልኩ በላይ ዞሮ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ቅሬታ ካነሳን፣ ቀጠሮ ያበዛል፣ ጠዋት ላይም ስልክ አያነሳም። ከዚያ ውጪ እጁን ቁርጥማት አይንካው! ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ከመደወላችሁ በፊት የፕሮሰሰሩን ስም፣ የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ ከፕሮሰሰሩ ገጽ እስከ ኬዙ ክዳን ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር እና ራሙ የሚታይበት አንድ ፎቶ አዘጋጁ፤ እነዚህ ሳይያዙ ዋጋ አይናገርም።